ተጠርቶ አልቀረበም

የአባቴ ሥራ ሰው መጥራት ነበር። ሠርግና ልቅሶ የሚጠራ እንዳይመስላችሁ። ልደታ ውስጥ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ፍርድ ቤት የችሎቱ በር ላይ ቆሞ የባለጉዳዮችን ስም የሚጣራው እሱ ነበር። ዳኛው መዝገቡን ገልጠው ስም ይነግሩታል፤ እሱ ወደ ደጅ ብቅ ብሎ ከሳሽ እገሌን፣ ተከሳሽ እገሌን ይጠራል። ሦስት ጊዜ። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ሦስት ትንፋሽ ያህል ይጠብቃል። ሰውየው ካልመጣ ተመልሶ ይገባና ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ተጠርቶ አልቀረበም» ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንጀራችን ይኸው ነበር።

ድምፁ የዋዛ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲጣራ ልደታ ማርያም ደጃፍ ጧፍ የሚሸጡት ሴቶች «ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ደረሰ» ይባባላሉ እያለች እናቴ ታወራ ነበር። እናቴ ማጋነን ትወዳለች። ቢሆንም ድምፁን ቤታችን ውስጥ የሰማው ሰው የለም። እቤት ሲገባ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ደሞዝ የሚከፈልበትን ነገር በነፃ አላባክንም ይል ነበር፤ ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ጨመረበት። ቀበሌ ስብሰባ ላይ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁሉም እጁን ሲያወጣ እያወጣ፣ ሁሉም ሲያወርድ እያወረደ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ወደ አደባባዩ ሰልፍ ሲወጣም እንደዚያው ነበር። አደባባዩ እኛ ቤት ሁለት ስም ነበረው። እናቴ ልጅ ሆና ደመራ ያየችበት ስለሆነ መስቀል አደባባይ ነው የምትለው። መንግሥት አብዮት አደባባይ ብሎ ሲሰይመው የእናቴ ምላስ አልታዘዝ አለ። አንድ ጊዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ሰልፍ መነሻ ሰዓት ስትጠይቅ «መስቀል አደባባይ ስንሄድ» ብላ አመለጣት፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ ደግሞ ነገር ለማስተካከል ብላ «የድሮውን ማለቴ ነው፤ አዲሱን ገና አላየሁትም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሜዳው» ብቻ ትለው ጀመር፣ ሜዳ ብሎ የታሰረ ሰው ስለሌለ።

ሜዳው በአዘቦት ቀን የማንም ነበር። መኪና መንዳት የሚማሩ ሰዎች መሪውን ወዲያና ወዲህ እየጠመዘዙ ይዞሩበታል፤ ተማሪ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያጠናል፤ ቆሎ ሻጭ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ለፍቅር የሚቀጣጠሩ ሰዎች ደረጃው ላይ ተራርቀው ይቀመጡና ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ። እላይ ደግሞ ሦስት ጺማም ፈረንጆች ትልቅ ሸራ ላይ ተሥለው ሁሉንም ይመለከታሉ። እናቴ ከሦስቱ የመሐለኛውን ባየች ቁጥር ሚስት የለውም እንዴ ትል ነበር። በበዓል ቀን ግን ከተማው በሙሉ ወደዚያ ይጎርፋል፣ ያውም በስም ቁጥጥር። ሲወጡ ስም ይጠራል፣ ሲመለሱም ስም ይጠራል። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲጠይቅ አልቋል ይባላል፤ ከኋላው ያለው ሲጠይቅ ስኳሩ ይገኛል።

ታሪኬ የሚጀምረው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለነርስነት ትምህርት በተመረጥኩበት ክረምት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ነገር አልተመኘሁም። ሆስፒታል ሰው መርፌ ሲወጋ ማየት የማልጠላ እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት የገቡት ልጆች ግን የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ካልያዝሽ አትመዘገቢም፣ ቤተሰብሽ በአብዮቱ ውስጥ ንቁ ተሳትፎ እንዳለው መጻፍ አለበት አሉኝ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሊቀመንበሩ ሄድኩ።

ሊቀመንበራችን በንጉሡ ዘመን ብስክሌት አከራይ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። ከበላይ ስልክ ሲደወል ከወንበሩ ተነስቶ፣ ኮቱን ቆልፎ ነበር የሚያነሳው። ጉዳዬን ሰምቶ የቤታችንን ፋይል አወጣና ገለጠ። እናቴ ሴቶች ማኅበር ውስጥ አለች፣ ደህና። እኔ ወጣት ማኅበር ውስጥ አለሁ፣ ደህና። የአባቴ ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበት። በአምስት ዓመት ስብሰባ ውስጥ አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሯል አለኝ፤ እሱም መስኮቱ ይዘጋልን ብሎ ነው።

ልነሳ ነጠላዬን ሰበሰብኩ። ሊቀመንበሩ ግን ፋይሉን ከድኖ ስለ ራሱ ችግር ያወራኝ ጀመር። ባለፈው የአብዮት በዓል መፈክር ያስጠራው ወጣት ድምፁ ቀጫጫ ስለነበረ የጎረቤት ቀበሌ ሰልፈኞች ሳቁብን፤ ከበላይም «የእናንተ ቀበሌ አንቀላፍቷል ወይ» ተብሎ ተጠየቀ። በመጪው በዓል ያ ነገር ቢደገም ወንበሩን ያጣል። እንዲህ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለና ድምፁን ቀነሰ።

«የአባትሽን ድምፅ ስጪኝ፣ ደብዳቤውን ውሰጂ» አለኝ።

ማታ እራት ላይ ተናገርኩ። እናቴ ወዲያው ይቅርብን አለች፤ መፈክር የሚያስጠራ ሰው ዛሬ ትክክል ቢሆን ነገ ስህተት ይሆናል ብላ ፈራች። አባቴ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቆየ። ችሎት ላይ የሚጠራው ሰው መልስ የሚሰጥበት ዕድል አለው፣ ይሄኛው ግን ምን ዓይነት ጥሪ ነው ሲል አጉረመረመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ያለ ደብዳቤው አትገቢም?»

«አልገባም» አልኩት። እርግጠኛ ነበርኩ።

ጉርሻውን ጎረሰና እሺ አለ።

ከቀበሌው የተባዛ የመፈክር ወረቀት መጣ። ያኔ ነው ችግሩ የታወቀው። አባቴ ማንበብ በደንብ ይችላል፤ ግን ሰልፍ ላይ ከወረቀት እያነበቡ መፈክር ማስጠራት ያሳፍራል ተባለ፣ በቃል መያዝ አለበት። ቃላቱ ደግሞ አፉ ውስጥ አልገባ አሉ። ሃያ ዓመት የሰው ስም ብቻ ያጠና አእምሮ «ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም» ሲባል በሩን ዘጋ። ቢሮ ብሎ ይጀምርና ይቆማል። እናቴ ከጓዳ ሆና «ቢሮ ግባና ተጠየቅ ነው የሚለው?» እያለች ታበሽቀዋለች። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድም መፈክር አልያዘም።

እኔ ብልጥ ነኝ ባይ ነበርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩና ወረቀቱን ነጠቅኩት። እነዚህን መፈክር አድርገህ አትያዛቸው አልኩት፤ ተከሳሾች ናቸው በል። ቢሮክራሲያዊ የራሱ ስም ነው፣ ካፒታሊዝም የአባቱ። አባቴ ፊቱ ሲበራ ታየኝ። ቀጥ ብሎ ተቀመጠና በሹክሹክታ «ተከሳሽ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም» አለ፤ አንድም ፊደል አልሳተም። ኢምፔሪያሊዝምስ የማን ልጅ ነው አለኝ። የአባቱ ስም አልተገለጸም አልኩት። እንዲህ ያለ ክስ ተሟልቶ ይቅረብ ተብሎ ይመለሳል ብሎ ቅር አለው፤ ግን ያዘው። ፊውዳሊዝምን ማስጠናት እንኳ አላስፈለገኝም፣ እሱ የድሮ ባለጉዳይ ነው አለ። በሁለት ቀን ውስጥ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ይወጣው ጀመር። እኔም በራሴ ኮራሁ። ለጎረቤት ሁሉ ዘዴውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ እያልኩ አወራሁ፤ ለዚህ አፌ በኋላ የደረሰብኝን ታያላችሁ።

ልምምዱ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ተጀመረ። አባቴ መጀመሪያ አፉን ሲከፍት ሊቀመንበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ደንቡ ቀላል ነው፤ አባቴ ግማሹን ይጠራል፣ ሕዝቡ ግማሹን ይመልሳል። ኢትዮጵያ ሲል ትቅደም፣ ኢምፔሪያሊዝም ሲል ይውደም፣ አብዮታችን ሲል ይለምልም። ሕዝቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚመልስ አባቴ ሁለተኛና ሦስተኛ መጥራት አላስፈለገውም። እኔም ስለዚያ ነገር አላሰብኩም።

ያስቸገሩት አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። እኚህ ሴትዮ ከባላቸው ወንድም ጋር በአንድ ግንብ የተነሳ ለአሥራ አንድ ዓመት ሲካሰሱ የኖሩ ናቸው። ዳኞች ተቀያይረዋል፣ መንግሥት ተቀይሯል፣ የእሳቸው መዝገብ ግን አለ። አባቴ ስማቸውን ችሎት በር ላይ ስንት ጊዜ እንደጠራ እግዜር ይወቀው፤ መንገድ ላይ እንደምን አደሩ ሲላቸው እንኳ «አለሁ ጌታዬ» ብለው ነው የሚመልሱት። ልምምዱ ላይም አባቴ በጠራ ቁጥር ከይውደሙ መሐል «አለሁ» የምትል ድምፅ ትወጣለች። ሊቀመንበሩ እትዬ፣ እባክዎ የተጠራው ኢምፔሪያሊዝም ነው፣ እርስዎ አይደሉም ብሎ መከራቸው። እሳቸውም አንድ ጊዜ ሳልመልስ ቀርቼ ስንት ወር ቀጠሮ እንደተሰጠብኝ አንተ አታውቅም አሉት።

መስከረም ሁለት ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ቀበሌው ግቢ ተሰበሰብን። ካፊያ ነበር። ስም ተጠራ፣ ረድፍ ተሠራ፣ መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ታደለ። አባቴ ለችሎት የሚለብሰውን ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። ካኪ ይልበስ ቢባል የሥራ ልብሴ ይሄ ነው አለ። በሜክሲኮ አድርገን፣ ለገሃርን አልፈን፣ ስታዲየሙን ታክከን ስንሄድ የአባቴ ድምፅ ከፊታችን መንገድ ይጠርግ ነበር። ከሌላ ቀበሌ የመጡ ሰልፈኞች ማን ነው እያሉ ይንጠራሩ ነበር። እኔ የወጣት ሴቶች ረድፍ ውስጥ ሦስተኛ ላይ ነበርኩ፤ ደረቴ ተነፋ። ሊቀመንበሩም ብስክሌት እንደሚጋልብ ሰው እግሩ ቀለለው።

አደባባዩ ጫፍ ደርሰን ቆምን፣ ቆምን፣ ቆምን። ፀሐይ ወጣች፣ ልብሳችን ደረቀ፣ ሆዳችን ጮኸ። ምግብ መያዝ ተከልክሎ ነበር፤ የሴቶች ማኅበር ረድፍ ውስጥ ግን ከነጠላ ሥር የቆሎ ድምፅ ይሰማል። አደባባዩን ከዚያ ቦታ ስታዩት አስፈሪ ነው። ደረጃው በሰው ተሞልቶ ሽቅብ ይወጣል፤ የት እንደሚያልቅ አይታይም። እዚያ ላይ ቆሞ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ያለ ይመስላችኋል።

ተራችን ደረሰ። በባንዱ ማርሽ እየተራመድን ወደ ክብር ሰገነቱ ተጠጋን። አባቴ ኢትዮጵያ አለ፤ ትቅደም አልን። ኢምፔሪያሊዝም አለ፤ ይውደም አልን። እንከን የለም። ሰገነቱ ፊት ለፊት ስንደርስ ግን ከልደታ የመጣ ሰው ሁሉ በዜና ብቻ የሚያያቸውን ባለሥልጣናት በዓይኑ ሊያይ አንገቱን አሰገገ። ማን ወፈረ፣ ማን ከሳ፣ ማን ከማን አጠገብ ቆመ፤ ሁሉም ወሬ ይዞ ለመመለስ ተጣደፈ። ባንዱም ልክ ያን ጊዜ ዜማ ሊቀይር ዝም አለ። በዚያ ዝምታ መሐል አባቴ ጠራ።

«ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም!»

የመለሰ የለም።

የአባቴ አንገት ወደ ግራ ዘንበል ሲል ከኋላ አየሁት። ያን ዘንበል አውቀዋለሁ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት። ይውደም ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ከንጋት ጀምሮ ስጮህ ድምፄ አልቆ አየር ብቻ ወጣ። አባቴ ሁለተኛ ጠራ። አጠገቤ ያለችውን ልጅ በክርኔ ደሰቅኳት፤ የደሰቅኳት ሰልፍ ስላበላሸች መስሏት እግሯን አስተካከለች። አባቴ ኮቱን ሳብ አድርጎ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ጠርቶ በማያውቀው ድምፅ ሦስተኛ ጠራ። ደረጃው ላይ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ፀጥ አሉ። ከዚያ አባቴ ወደ ክብር ሰገነቱ ዞረ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ከወገቡ ጎንበስ አለ።

«ተጠርቶ አልቀረበም» አለ።

ምናልባት በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብዙ ሰው ያልፈው ነበር። ግን ጎረቤታችን አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሲጠብቋት የኖሩት ቃል ጆሯቸው ውስጥ ስትገባ ከሴቶች ማኅበር ረድፍ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ።

«በሌለበት ይፈረድልኝ!» አሉ።

ሳቁ ከእሳቸው ረድፍ ጀመረ። ወደ እኛ መጣ፣ ወደ ወንዶቹ ሄደ፣ ከኋላችን ወዳለው ቀበሌ ተሻገረ። የሳቀው ሰው ለምን እንደሳቀ የማያውቅ ብዙ ነበር፤ ሳቅ ከተከለከለበት ቦታ ሲገኝ ሰው ምክንያት አይጠይቅም። ሰገነቱ ላይ አንድ ባለ ዩኒፎርም ሰውዬ አፉን በእጁ ሲሸፍን አይቻለሁ። ሳቀ ወይስ አሳለው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እኔ አልሳቅኩም። ያለቀልን መሰለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚህ ያነሰ ነገር ተናግረው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ ነበሩ።

አባቴ ሳቁን ሲሰማ ነው ያደረገውን ያወቀው። ፊቱ አመድ ሆነ። ጥፋቱን ለማካካስ ብሎ ይመስለኛል፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቀሩትን መፈክሮች ሁሉ አንጀቱን አውጥቶ ይጮህ ጀመር። ሰልፉ ከአደባባዩ ወጥቶ ከተበተነ በኋላ እንኳ አላቆመም። ሊቀመንበሩ በቃ፣ በቃ እያለ ክንዱን ይጎትተዋል፣ እሱ ይጠራል። ለገሃር ጋ ስንደርስ «አብዮታችን» ብሎ ጀመረና ከጉሮሮው አንድ ነገር ተቀደደ። ከዚያ በኋላ አፉ ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፁ አልተሰማም።

በማግስቱ አባቴ ቀበሌ እንዲቀርብ ተጠራ፤ ዘዴው የእኔ ነው ብዬ ያወራሁት ደርሷቸው እኔም አብሬ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ከበላይ የመጣ ወጣት ካድሬ ማስታወሻ ደብተር ዘርግቶ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ ዓይናችንን አላየንም። ካድሬው አባቴን ይህ ስህተት ነው ወይስ ሹፈት ብሎ ጠየቀው። አባቴ ድምፅ ስለሌለው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ በትንፋሽ ይነግረኛል፣ እኔ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ሃያ ዓመት ለዳኛ ለጠራ ሰው አሁን እኔ ጠሪው ሆንኩለት።

መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ ያለኝ «ልጄ የለችበትም በይ» ነው። ይህን እንዴት አድርጌ ልናገር? ግራ ገባኝና «የለሁበትም ይላል» አልኩ። ካድሬው ማን ነው የሌለበት ብሎ ጻፈ፣ ሰረዘ። እኔም ማፈሬና መፍራቴ ተደባልቆብኝ ሁሉንም አፈረጥኩት። መፈክሩን እንደ ተከሳሽ ስም ያስጠናሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ የሚያውቀው የጥሪ ሥርዓት እሱ ብቻ ነው፣ መልስ ሲያጣ እጁና ወገቡ ራሳቸው የለመዱትን ሠሩ አልኩ። ካድሬው ወደ አባቴ ተመለከተ። ለመሆኑ ቢቀርብ ኖሮ ምን ልታደርጉት ነበር ብሎ ጠየቀ። አባቴ አላመነታም፤ ጆሮዬ ላይ «ቃሉን ይሰጣል፣ ጠበቃ ያቆማል፣ ካስፈለገ ቀጠሮ ይለወጥለታል» አለ።

«እንፈርድበት ነበር ይላል» አልኩ።

አባቴ ራሱን በኃይል ነቀነቀ። ቃሉ በትክክል እንዲመዘገብለት ፈልጎ እጄን ይጎትተኛል። እኔ እግሩን ረገጥኩት።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ጎረቤታችን ክንዳቸው ሥር የሰነድ ጥቅልላቸውን ይዘው ገቡ። ማን ጠራዎት ቢባሉ ምስክር ሳይጠራም ይቀርባል አሉ። እንዲቀመጡ ሳይባሉ ተቀመጡ። ከዚያ ለዚያ ወጣት ካድሬ ሕግ ያስተምሩት ጀመር። አንድ ተከሳሽ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልቀረበ ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁት። አላውቅም አለ። ፈርቷል ማለት ነው፣ መልስ የለውም ማለት ነው፣ ተረትቷል ማለት ነው አሉ። በንጉሡም ጊዜ እንዲህ ነበር፣ አሁንም እንዲህ ነው፤ አይደለም የምትል ከሆነ የእኔን መዝገብ ከፍተህ አሳየኝ አሉት። አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ምንም አላጠፋም ብለው ወደ እኔም ዞሩ።

ሊቀመንበሩ ቀና ሲል አየሁት። እንደዚያ ቀን ፊቱ በርቶ አያውቅም። ቃለ ጉባኤውን ስቦ እየጻፈ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ የሰፊው ሕዝብ ጠላት በሕዝቡ ፊት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ለመቅረብ ባለመድፈሩ ሰልፈኛው በደስታ ስቋል። ካድሬው እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ አድርጎ አሰበ። ሹፈት ነው ብሎ ከጻፈ ሰልፉን ተከታትሎ ያጸደቀው ራሱ ነውና እሱም ይጠየቃል። ይህ እንደገባው ሁላችንም አየን። «በደስታ» የሚለው ላይ «በአብዮታዊ» የሚል ጨምርበት አለና ፈረመ። ጎረቤታችን ሲወጡ ካድሬውን በሩ ላይ ይዘው ስለ ግንባቸው ጉዳይ የሚያውቀው ሰው እንዳለ ጠየቁት።

ሊቀመንበሩ በዚያኑ ዕለት ደብዳቤዬን በሁለት ቅጂ አስመታና ማኅተሙን አሳረፈበት። ከቀበሌው ስወጣ ያለቀስኩት ከደስታ ነው። አባቴ መሐረቡን ሰጠኝ።

የአባቴ ድምፅ ይመለሳል ተብሎ ተልባ፣ ማር፣ ዝንጅብል ተሞከረ። የተመለሰው እንደተቀደደ ወረቀት የምትንሿሿ ነገር ነበረች። ፍርድ ቤቱ አንድ ሳምንት ጠበቀው፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀው፤ በሦስተኛው ወደ መዝገብ ቤት አዛወረው። እዚያ የሚጠራ ሰው የለም፤ ፋይል ማውረድና መስቀል ነው። በእሱ ቦታ አንድ ወጣት ተተካ። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል፣ ትንፋሽ እንኳ አይቆጥርም እያለች እናቴ ትናደድ ነበር። አባቴ ግን አንድም ቀን ቅሬታ አላሰማም። ምዝገባሽ መቼ ነው ብቻ ይለኛል።

የምዝገባው ቀን ደርሶ ትምህርት ቤቱ መስኮት ፊት ተሰለፍኩ። መስኮቱ ውስጥ መነጽር ያደረገች ሴትዮ ሰርተፍኬቴን ተቀበለች፣ ፎቶዬን ተቀበለች፣ የጤና ምርመራዬን ተቀበለች። ደብዳቤውን ከደረቴ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ዓይን እንኳ ሳታሳርፍበት መለሰችልኝ።

«ይሄ ዘንድሮ አያስፈልግም፤ ቀርቷል» አለች።

ይሁንልኝ፣ ፋይሌ ውስጥ ይቀመጥልኝ ብዬ ለመንኳት። ማስቀመጫ የለኝም አለችና ከኋላዬ ያለውን ልጅ ስም ጠየቀች። ዞር ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ደብዳቤውን አነበብኩት፤ እስከዚያ ቀን እንዳይቆሽሽ ብዬ ፈርቼ ሳላነበው ቆይቼ ነበር። ሊቀመንበሩ አራት መስመር ብቻ ነው የጻፈው። ሦስተኛው ላይ አባቷ ድምፃቸውን ለአብዮቱ አበርክተዋል ይላል። ያለ ደብዳቤው አልገባም ያልኩት እኔ ነበርኩ። እዚያው ግድግዳው ሥር ቆሜ ራሴን ረገምኩ።

እቤት ስደርስ አባቴ ከሥራ ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ኮቱን አላወለቀም። በዚያች በተቀደደች ድምፁ ደብዳቤውን ተቀበሉት ወይ አለኝ። ተቀበሉት አልኩት። ደብዳቤው ቀሚሴ ውስጥ ደረቴን ይወጋኝ ነበር።

«አነበቡት?»

«ጮክ ብለው አነበቡት፣ አባዬ።»

«ስሜን ጠሩት?»

«እስከ አያትህ ድረስ ጠሩት» አልኩት።

አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ቆየ። ከዚያ ፈገግ አለ። ለእናቴ ሊነግራት ወደ ጓዳ ዞሮ ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። እኔ ጠራሁለት።